አልበርት ሽቫይትዘር፤ ደስታውን እንደ ዕዳ የቈጠረ ሰው

ሰው አገሩን ትቶ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ድኽነት አስጨንቆት፣ ሌላው ከጠላት ሸሽቶ፣ ሌላው ደግሞ ሀብት ፈልጎ ይሄዳል። አልበርት ሽቫይትዘር ግን ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም ሳያስገድደው ሄደ። በታላላቅ ከተሞች ወዳጅ የበዛለት፣ በትምህርቱና በሙዚቃው የተከበረ፣ በኑሮውም ደስ ያለው ሰው ነበረ። ባሕር ተሻግሮ በአፍሪቃ ዱር ውስጥ የድኾች ሐኪም የሆነው ከተማውን ስለ ጠላ አይደለም፤ በከተማው ያገኘው ደስታ ለብቻው የተሰጠው እንዳልሆነ ስለ ተረዳ ነው። ታሪኩ ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል። የተጻፉት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

አልበርት ሽቫይትዘር በ1875 ዓ.ም. ጃንዋሪ 14 ቀን ካይዘርስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከተማዪቱ ያለችበት አልሳስ የሚባለው አገር በፈረንሳይና በጀርመን ወሰን ላይ ይገኛል። በዚያን ጊዜ በጀርመን ግዛት ሥር ነበረ፤ ዛሬ ግን የፈረንሳይ ነው። ስለዚህ ልጁ የሁለቱንም ሕዝብ ቋንቋ እየሰማ አደገ። አባቱ ቄስ ነበረ። አልበርት በተወለደበት ዓመት ቤተ ሰቡ ጉንስባኽ ወደምትባል መንደር ሄዶ ተቀመጠ።

ልጁ 5 ዓመት ሲሆነው አባቱ ሙዚቃ ያስተምረው ጀመረ። በ8 ዓመቱ፣ እግሩ ከመርገጫው በጭንቅ ሲደርስ፣ ኦርጋን መምታት ጀመረ። በ9 ዓመቱም በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በኦርጋን መቺው ፈንታ ተቀምጦ ለጸሎቱ መታ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አልበርት ከእርሱ ከሚበልጥ ከአንድ የመንደር ልጅ ጋር ትግል ገጠመና ጣለው። የወደቀውም ልጅ እርሱም እንደ ቄሱ ልጅ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ የሥጋ መረቅ ቢያገኝ ኖሮ እንደማይሸነፍ ተናገረ። ይህ ቃል በአልበርት ልብ እንደ እሾኽ ተወጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መረቅ በቀረበለት ቍጥር የዚያ ልጅ ቃል ትዝ ይለውና ምግቡ አይጥመውም ነበር። ደግሞ አባቱ ከአሮጌ ካፖርቱ ትንሽ ካፖርት ባሰፋለት ጊዜ፣ ሌሎቹ ልጆች ካፖርት ስለሌላቸው አልለብስም አለ። አባቱ በጥፊ መታው፤ እርሱ ግን በብርድ መንቀጥቀጥን መረጠ።

በሌላ ቀን፣ ከፋሲካ በፊት በጾሙ ወራት፣ ጓደኛው ወፍ በወንጭፍ እንዲመቱ ጠራው። አልበርት እንዳይዘበትበት ፈርቶ አብሮት ሄደ። ድንጋዩን አዘጋጅቶ ሳለ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ልጁ ወዲያው ወንጭፉን ጣለና ወፎቹ እንዳይሞቱ እየጮኸ አባረራቸው። ከዚያም ሮጦ ወደ ቤቱ ገባ።

የከተማ ኑሮው

በ1893 ዓ.ም. አልበርት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ አጎቶቹ ወደሚኖሩባት ወደ ፓሪስ ሄደ። ዕድሜው 18 ዓመት ነበረ። በዚያ ዘመን ሰን ሱልፒስ በሚባለው በፓሪስ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመታው ሻርል ማሪ ቪዶር የሚባል ስመ ጥሩ ሊቅ ነበረ። ይህ ሊቅ ከሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በቀር ሌላ ሰው አያስተምርም ነበር። የአልበርት አጎት ሚስት ግን ልጁን እንዲሰማው ለመነችለት። ቪዶርም አመታቱን በሰማ ጊዜ ደስ ብሎት ተማሪው አደረገው፤ በኋላም እንደ ልጁ ወደደው። የተማሪው ኪስ ባዶ መሆኑን ያውቅ ነበርና ጠግቦ እንዲበላ ብሎ ራሱ ዘወትር ወደሚበላበት ወደ መልካም ምግብ ቤት ብዙ ጊዜ ይዞት ይሄድ ነበር።

ከዚህ በኋላ አልበርት በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖትንና የፍልስፍናን ትምህርት ተማረ። ቀን ይማራል፤ ማታ ኦርጋን ይመታል፤ የዕረፍት ጊዜ ሲሆን ወደ ጉንስባኽ ተመልሶ ከወላጆቹ ጋር ይሰነብታል። ጤናው ሙሉ ነበረ፤ ሥራው ይቃናለት ነበር፤ ወዳጆቹም መልካሞች ነበሩ። ነገር ግን ይህን ሁሉ ባሰበ ቍጥር የመረቁ ነገር ተመልሶ ይመጣበት ነበር። በዙሪያው ስንት ሰው በሽታና ችግር እያስጨነቀው እርሱ ብቻ ደስ ብሎት መኖሩ ከምን የተነሣ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ ነበር።

የቀጠረው ቀጠሮ

በ1896 ዓ.ም. በጰራቅሊጦስ በዓል በጉንስባኽ ሳለ አንድ ቀን ጧት ነቃ። ብርሃኑ መልካም ነበረ፤ ወፎችም በውጭ ይዘምሩ ነበር። አልበርት በአልጋው ላይ ሆኖ ደስታውን እያሰበ ሳለ አንድ ነገር ተገለጠለት፤ ይኸውም ይህን ሁሉ በጎ ነገር እንደ ተራ ነገር መቀበል እንደማይገባውና ብድሩን መመለስ እንዳለበት ነው። ከአልጋው ሳይነሣ አሳቡን ቈረጠ። እስከ 30 ዓመቱ ድረስ ለትምህርትና ለሙዚቃ ይኖራል፤ ከ30 ዓመቱ በኋላ ግን ሕይወቱን ለሰው አገልግሎት ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ነበረ። ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚሠራ ገና አላወቀም ነበር።

ብዙ ወጣት በእንዲህ ያለ ጧት መልካም አሳብ ያስባል፤ ቀን ሲመሽ ግን ይረሳዋል። አልበርት ግን ቀጠሮውን በልቡ ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ። የቀሩትን ዘጠኝ ዓመታትም በሐዘንና በፍርሃት አላሳለፋቸውም።

በ1898 ዓ.ም. እንደ ገና ወደ ፓሪስ ሄዶ ሶርቦን በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ካንት ስለሚባለው ፈላስፋ የሚጽፈውንም መጽሐፍ ጀመረ። ሌሊቱን ሲጽፍ አድሮ፣ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር፣ ጧት በቪዶር ፊት ኦርጋን የመታበት ቀን ነበረ። በሰን ሱልፒስ ያለው ኦርጋን አምስት ረድፍ የጣት መምቻ ያለው እጅግ ታላቅ ኦርጋን ነው፤ የአልበርት ደስታ በእርሱ አጠገብ መቀመጥ ነበረ። በፓሪስ ለተሰበሰቡ ሰዎችም ስለ ጀርመን መጻሕፍትና ስለ ጀርመን ፍልስፍና ንግግር ያደርግ ነበር።

በ1899 ዓ.ም. ወደ በርሊን ሄደ። በዚያም ሊቃውንት እየተሰበሰቡ በሚጫወቱበት በአንዲት የሊቅ ባልቴት ቤት ይገባ ነበር። አንድ ቀን ከእንግዶቹ አንዱ የዚህ ዘመን ሰዎች የአባቶቻቸውን ሥራ ከመውረስ በቀር የራሳቸው የሆነ ነገር የላቸውም ብሎ ሲናገር ሰማ። ይህ ነገር በጨዋታ መካከል የተነገረ ቢሆንም በአልበርት አእምሮ ቀርቶ ብዙ ዘመን አሳሰበው። ስለዚህ ከጨዋታም መካከል ቢሆን ሰሚ ጆሮ ያለው ሰው ትምህርት ያገኛል።

ወደ ስትራስቡርግም ተመልሶ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆነ፤ በ1902 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው አስተማሪ፣ በ1903 ዓ.ም. ደግሞ የሃይማኖት ተማሪዎች የሚያድሩበት ቤት አለቃ ተደረገ። በዕረፍት ቀን ከጓደኞቹ ጋር በብስክሌት ራይን በሚባለው ወንዝ ዳር ይዘዋወር ነበር። ከእነዚህም ጓደኞች አንዷ የታሪክ አስተማሪ ልጅ የሆነች ሔለነ ብረስላው ነበረች። በምሥጢር የያዘውን ቀጠሮ ከሚያውቁት ከጥቂቶቹ ሰዎች አንዷ እርሷ ናት። በ1905 ዓ.ም. ዮሐንስ ሰባስትያን ባኽ ስለሚባለው ታላቅ ሙዚቀኛ በፈረንሳይኛ የጻፈው 455 ገጽ ያለው መጽሐፍ ታተመ፤ ስሙም በብዙ አገር ታወቀ።

አረንጓዴው መጽሔት

አልበርት ቀጠሮው እየቀረበ ሲሄድ የሚሠራውን ሥራ ይፈልግ ነበር። አስቀድሞ በአገሩ ያሉትን ድኾች ለመርዳት ሞከረ። ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ለማሳደግ ፈለገ፤ ነገር ግን የማኅበሮቹ ደንብ አልፈቀደለትም። ቤት የሌላቸውን ሰዎችና ከእስር ቤት የወጡትን ለመርዳትም ደከመ። ለዚህም ሥራ ከሀብታሞች ቤት እየዞረ ገንዘብ ይለምን ነበር። መለመን አሳፈረው፤ ሆኖም ይህ ትምህርት በኋላ ጠቀመው።

በ1904 ዓ.ም. በመከር ወራት አንድ ቀን ጧት በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ትንሽ መጽሔት አገኘ። የፓሪስ ሚሲዮን ማኅበር መጽሔት ነበረ። ሥራውን ሊጀምር ሲል ገለጠውና በጋቦን አገር የሚሠራ ሰው በጣም እንደሚያስፈልግ የሚናገር ጽሑፍ አየ። ጋቦን በምድር ወገብ ላይ የሚገኝ የአፍሪቃ አገር ነው፤ በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ትገዛው ነበር። አልበርት ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ ምንም ሳይናገር ወደ ሥራው ተመለሰ። ለስምንት ዓመት ሲፈልገው የነበረውን ነገር አግኝቶ ነበርና።

ሄዶም በሕክምና ሊረዳ ወሰነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራው በቃል ማስተማርና መስበክ ነበረ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ግን ሳይናገር በእጁ ሊሠራ ፈለገ። ነገር ግን ሐኪም ለመሆን እንደ ልጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ መማር ነበረበት።

የወዳጆቹ ቍጣ

በ1905 ዓ.ም. ኦክቶበር 13 ቀን አልበርት በፓሪስ መንገድ ላይ ባለ የፖስታ ሣጥን ብዙ ደብዳቤዎች ጣለ። ደብዳቤዎቹ ለወላጆቹና ለቅርብ ወዳጆቹ የተጻፉ ነበሩ። በእነርሱም ውስጥ የሕክምና ተማሪ እንደሚሆንና ከዚያም ወደ አፍሪቃ እንደሚሄድ አስታወቀ። 30 ዓመት ሞልቶት ነበርና ቀጠሮውን አላሳለፈም።

ከዚህ በኋላ ታላቅ ሙግት ተነሣ። ዘመዶቹና ወዳጆቹ አስቀድሞ አላማከረንም ብለው ተቈጡ። አንዳንዶቹ ዝና ፈልጎ ነው አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ያሰበው ቢቀርበት በኀዘን ነው አሉ። እጅግ የሚወደው ቪዶር እንኳ የጦር አለቃ ሆኖ ሳለ ሠራዊቱን መምራት ትቶ እንደ ተራ ወታደር ጠመንጃ ይዞ ከግንባር ሊቆም ይፈልጋል ብሎ ገሠጸው። የሕክምናው ትምህርት ቤት አለቃ ደግሞ ይህ የታወቀ አስተማሪ ተማሪ ልሁን ብሎ በመጣበት ጊዜ ወደ አእምሮ ሐኪም ሊልከው ምንም አልቀረውም ነበር። አልበርትን እጅግ ያሳዘነው ግን የተግሣጹ ብዛት አልነበረም፤ ፍቅርን ሁልጊዜ የሚሰብኩ ሰዎች አንድ ሰው በፍቅር ሊሠራ ሲነሣ መደንገጣቸው ነበረ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ዓመታት የድካም ዓመታት ነበሩ። ሕክምና ይማራል፤ በዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ እሑድ ይሰብካል፤ ወደ ሌሎች ከተሞችም እየተጓዘ ኦርጋን ይመታል። ስፓንያ ወደሚባለው አገር ሄዶ በባርሴሎና ከተማ በተጫወተ ጊዜ አንቶኒ ጋውዲ ከሚባለው የሕንጻ ሊቅ ጋር ተገናኘ። ጋውዲ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ነበር። እመቤታችን ወደ ግብጽ ስትሰደድ የተቀመጠችባትን አህያ በድንጋይ ሊያስቀርጽ ፈልጎ፣ ሰዎች ያመጡለትን ያማሩ አህዮች ሁሉ እንዳልወደዳቸው ለእንግዳው አጫወተው። በመጨረሻ የመረጣት አሸዋ የጫነ ጋሪ የምትስበውን የአንዲት ድኻ ሴት የደከመች አህያ ነበረች። አልበርት ይህን ታሪክ እስከ ሽምግልናው ድረስ አልረሳውም።

በ1911 ዓ.ም. የመንግሥቱን የሕክምና ፈተና አለፈ። ለፈተናው የሚከፈለውን ገንዘብ ያገኘው በሙኒክ ከተማ ቪዶር የደረሰውን አዲስ ሙዚቃ በኦርጋን መትቶ ነው። ይህን ባደረገ ጊዜ፣ የተቈጣው መምህር የደረሰው ሙዚቃ የተማሪውን መንገድ ከፈተለት። በ1912 ዓ.ም. ጁን 18 ቀን ሔለነ ብረስላውን አገባ። እርሷም እንድትረዳው አስቀድማ የሕመምተኛ ማስታመም ሥራ ተምራ ነበር።

ሚሲዮን ማኅበሩ ለሆስፒታሉ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ አልበርት ወዳጆቹን ሊለምን ተነሣ። ቀድሞ እንደ ክቡር እንግዳ ይቀበሉት በነበሩት ቤቶች አሁን ለማኝ ሆኖ ገባ። የመጣው ሊጫወት ሳይሆን ሊለምን መሆኑ ሲታወቅ የአንዳንዱ ሰው ፊት ይለወጥ ነበር። እርሱ ግን በሰዎች ዘንድ ያገኘው ቸርነት ካገኘው ውርደት መቶ እጥፍ እንደሚበልጥ በኋላ ጻፈ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ከየቤቱ የተሰጠው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ተጠራቅሞ ሆስፒታል ለመጀመር በቃ።

ስንብት

በ1913 ዓ.ም. 70 ሣጥን መድኃኒትና ዕቃ ወደ ቦርዶ ወደብ ተላከ። አልበርትና ሔለነም በስቅለት ቀን፣ ማርች 21 ቀን፣ ከጉንስባኽ ተነሡ። ወላጆቹንና የመንደሩን ሰዎች ተሰናብተው ወደ ፓሪስ ሄዱ። በፋሲካ እሑድም በሰን ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠው ቪዶር ኦርጋን ሲመታ ሰሙ። አልበርት በ18 ዓመቱ የወደደውን ያንን ድምፅ እየሰማ ከከተማው ኑሮ ተለየ።

በዚያን ቀን ሦስት ነገር ለዘላለም እንደሚቀርበት ያምን ነበር። የመጀመሪያው ኦርጋን መምታት ነው፤ በዱር ውስጥ ኦርጋን የለምና። ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ነው። ሦስተኛው በራሱ ድካም በሚያገኘው ገንዘብ መኖር ነው፤ ከእንግዲህ ወዲህ የሚኖረው ወዳጆቹ በሚልኩለት ገንዘብ ነበርና። ማርች 26 ቀን መርከቡ ከወደቡ ተነሣ።

በላምባሬኔ

አፕሪል 16 ቀን ኦጎዌ በሚባለው ታላቅ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ላምባሬኔ ደረሱ። የሐኪም መምጣት በተሰማ ጊዜ፣ ዕቃው ገና ሳይፈታ፣ በሽተኞች መጡ። አንዳንዶቹ 200 እና 300 ኪሎ ሜትር ያህል በታንኳ የተጓዙ ነበሩ። የሚታከሙበት ቤት ግን ገና አልተሠራም ነበር። አልበርት አንድ አሮጌ የዶሮ ቤት አጸዳ፤ ግድግዳውን ኖራ ቀባ፤ በውስጡም አልጋ አኖረና ማከም ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ወራት ወደ 2,000 የሚጠጉ በሽተኞችን አከመ። በሽታውም ወባ፣ ተቅማጥ፣ የሥጋ ደዌ፣ የእንቅልፍ በሽታ፣ ቡአና ክፉ ቍስል ነበረ።

የአገሩን ቋንቋ ስለማያውቅ ጆሴፍ አዞዋኒ የሚባል የአገሩ ተወላጅ አስተርጓሚ ሆነለት። ጆሴፍ ቀድሞ ወጥ ቤት ነበረ፤ የሰውነትን ክፍል የሚያውቀው በሥጋ ብልት ስም ነው። ስለዚህ አንዱ በሽተኛ የቀኝ ታፋውን፣ አንዲቱ ሴት ደግሞ የግራ ጎድኗንና ሽንጧን እንዳመማቸው፣ በግ ገዝቶ እንደሚያወራርድ ሰው አድርጎ ለሐኪሙ ይነግረው ነበር። ሐኪሙም ነገሩ ግልጽ ሆኖለት ሥራውን ይሠራ ነበር። ያለ ጆሴፍ እርዳታ የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ባልተቃናም ነበር።

አልበርት ለዘላለም ቀረብኝ ያለው የመጀመሪያው ነገርም ተከትሎት መጣ። በፓሪስ የሚኖሩ የባኽ ማኅበር ወዳጆቹ በእግር የሚረገጥ የኦርጋን መርገጫ ያለው ፒያኖ ሰጥተውት ነበር። ምስጥና እርጥበት እንዳያበላሸው በዚንክ በተለበጠ ሣጥን ታሽጎ፣ ከትልቅ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ተጭኖ ወንዙን ወጣ። አልበርት በመጀመሪያ ሙዚቃውን ሊረሳ አስቦ ነበር። ነገር ግን አንድ ማታ ባኽ የደረሰውን ሙዚቃ ሲመታ፣ በዱር ውስጥ ያለው ዕረፍት ሙዚቃውን ይበልጥ ለመማር እንደሚረዳው ተረዳ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የቀኑ ሥራ ሲያልቅ ይመታ ነበር።

መከራውና የተመለሰለት ነገር

በ1914 ዓ.ም. በኤውሮፓ ታላቅ ጦርነት ተነሣ። አልበርትና ሔለነ በዜግነት ጀርመኖች ስለሆኑ፣ የፈረንሳይ መንግሥት በገዛ ቤታቸው እስረኞች አደረጋቸው፤ ለጥቂት ወራትም በሽተኛ እንዳያክሙ ተከለከሉ። በ1915 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር አልበርት አንዲት በሽተኛ ለማየት በወንዙ ላይ ተጓዘ። በሦስተኛው ቀን ፀሓይ ስትጠልቅ ጀልባው በጉማሬዎች መንጋ መካከል ሲያልፍ፣ ለብዙ ጊዜ ያሰበበት ነገር ተገለጠለት። ይኸውም የመልካም ሥራ ሁሉ መሠረት ሕይወት ያለውን ሁሉ ማክበር ነው የሚል ነው። በልጅነቱ ወፎቹን ያባረረው ልጅ ያን ጊዜ በልቡ የተሰማውን ነገር አሁን በቃል ሊናገረው ቻለ።

በ1917 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ ተይዘው ወደ ፈረንሳይ ተወሰዱና በእስረኞች ሰፈር ተቀመጡ። በዚያ ኦርጋን አልነበረም። አልበርት ግን ጠረጴዛውን እንደ ጣት መምቻ፣ ወለሉንም እንደ እግር መርገጫ አድርጎ፣ ድምፅ በሌለው ኦርጋን ይለማመድ ነበር። በ1918 ዓ.ም. ታሞና ዕዳ ተሸክሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። የዱሩ ሆስፒታል ባዶ ቀርቶ ነበር፤ ሥራውም ሁሉ ከንቱ የሆነ መሰለ።

በ1920 ዓ.ም. ግን ከስዊድን አገር ጥሪ መጣለት። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በየከተማው ኦርጋን መታ፤ ባገኘውም ገንዘብ ዕዳውን መክፈል ጀመረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጠሩት፤ መጻሕፍቱም ተሸጡ። በስንብቱ ቀን የተዋቸው ሦስቱ ነገሮች፣ ኦርጋኑና ማስተማሩ በራሱ ገንዘብ መኖሩም፣ ሁሉም ተመለሱለት። እርሱም ራሱን ልጁን ይስሐቅን ሊሠዋ ከወጣው ከአብርሃም ጋር አነጻጸረ፤ አብርሃም ልጁን ለመስጠት በቈረጠ ጊዜ ልጁ እንደ ተመለሰለት ለእርሱም እንዲሁ ሆኖለታልና።

በ1924 ዓ.ም. እንደ ገና ወደ ላምባሬኔ ሄደ። የቀድሞዎቹ ቤቶች ፈርሰው ዱር በቅሎባቸው አገኘ። ግማሹን ቀን ሐኪም፣ ግማሹን ቀን ግንበኛና አናጢ ሆኖ ሠራ። በ1927 ዓ.ም. በሽተኞቹን ሁሉ ወደ ሰፊ ቦታ ወደ ተሠራው አዲስ ሆስፒታል አዛወረ። ለ1952 ዓ.ም. የተመደበው የኖቤል የሰላም ሽልማት በ1953 ዓ.ም. በተሰጠው ጊዜም፣ ገንዘቡን የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ለሚኖሩበት መንደር ማሠሪያ አዋለው።

አልበርት ሽቫይትዘር ነውር የሌለበት ሰው አልነበረም። ሔለነ በጤናዋ ብዙ ተጐዳች፤ ብዙ ዓመትም ከሴት ልጃቸው ጋር ከእርሱ ተለይታ በኤውሮፓ ኖረች። የእርሱ አገልግሎት ለእነርሱ መሥዋዕትነት ነበረ። ደግሞ አፍሪቃዊውን ወንድሜ ቢለውም ራሱን ታላቅ ወንድም፣ አፍሪቃዊውን ግን ታናሽ ወንድም አድርጎ ጽፎአል። በዚህ ብዙ ሰዎች ነቅፈውታል፤ ነቀፋውም እውነት ነው፤ የሰው ልጅ በክብር እኩል ነውና። ስለዚህ መልካም ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ስሕተቱ ግን እንደ ስሕተት መታወቅ አለበት።

ጋቦን በ1960 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ሆነች። አልበርት ሽቫይትዘርም በ1965 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 4 ቀን በ90 ዓመቱ በላምባሬኔ ዐረፈ። በሆስፒታሉ ግቢ፣ በወንዙ አጠገብ ተቀበረ። ሆስፒታሉም ከሞተ በኋላ ሥራውን ቀጠለ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ልጅ በከተማ መኖርና ከወዳጅ ጋር መጫወት፣ መልካም ምግብ መብላትና ሙዚቃ መስማት ክፉ ነው ብሎ እንዳያስብ። አልበርት ሽቫይትዘር እነዚህን ሁሉ ወደዳቸው፤ እነርሱም ለሥራው ጠቀሙት። በኦርጋኑ የሕክምናውን ትምህርት ከፈለ፤ በከተማ ባፈራቸው ወዳጆቹ ሆስፒታሉን ሠራ። ክፉው ነገር ጥሩ መረቅ የቀረበለት ሰው ያልቀረበለትን ሰው መርሳቱ ነው። ባሕር መሻገር የሁሉ ሰው ዕጣ አይደለም። ነገር ግን በአንድ ወንበር ከሚቀመጡት ልጆች መካከል ምሳ ይዞ የመጣና ሳይዝ የመጣ ይኖራል፤ የያዘውም ልጅ እጁን ወደ ምሳው ሲዘረጋ ወደ ጎረቤቱ ዞር ብሎ ይመልከት።